የወረቀት አበባ ካርድ፦ ከወረቀቱ ይልቅ ቀኑ የሚያከስረው ገበያ

ነሐሴ ሲጋመስ የቢጫ ወረቀት ፈላጊ ይበዛል። ደብተርና እስክሪብቶ ሊሸምት ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከሚጎርፈው ወላጅ መካከል ባለቀለም ወረቀት፣ ወፍራም ካርቶን፣ ነጭ ኮላና ካኪ ፖስታ ይዞ የሚወጣ ደንበኛ አይጠፋም። እነዚህ ለእንቁጣጣሽ የአበባ ካርድ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አብዛኛዎቹ ሱቅም ሆነ ወርክሾፕ የላቸውም። የሥራ ቦታቸው የቤት ጠረጴዛ፣ መሣሪያቸው መቀስ፣ ማስመሪያና ምላጭ ነው።

ሥራው ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ገንዘቡ የሚፈለግበት ጊዜ ግን የጨዋታ አይደለም። መስከረም የወጪ ወር ነው፤ የበዓሉ በግና ዶሮ፣ የልጆች ምዝገባ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ተያይዘው ይመጣሉ። በክረምቱ የተሠራው ካርድ በጳጉሜን ከተሸጠ ከእነዚህ ቀዳዳዎች አንዱን ይደፍናል። ካልተሸጠ ደግሞ የሁለት ወር ልፋት በካርቶን ታሽጎ ከአልጋ ሥር ይገባል። በመስከረም ሦስተኛ ሳምንት የአዲስ ዓመት ካርድ ይዞ ገበያ መውጣት በጥር የዝናብ ልብስ እንደማዞር ነው።

በመሆኑም የዚህ ገበያ ዋና ጥያቄ «ወረቀት ስንት ገባ?» የሚለው አይደለም። ካርዱ ከመስከረም 1 በኋላ ስንት ቀን ይቆያል የሚለው ነው። ብዙ ሠሪዎች ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዘው ሲሟገቱ ሁለተኛው ያመልጣቸዋል።

ከልጆች ሥዕል የተነሣ ንግድ

በወረቀት ላይ አበባ አስፍሮ ለአዲስ ዓመት መስጠት በከተማ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ልማድ ነው። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ወንዶች ልጆች በከለር የሣሏቸውን አበባ፣ ፀሐይና መላእክት ይዘው በየደጁ ይዞራሉ። ሴቶች ልጆች ቄጤማና አደይ አበባ ይዘው አበባዬ ሆሽ ይላሉ። ሥዕሉን የተቀበለ ጎረቤት እንደ አቅሙ ሳንቲም ወይም ብር ይሰጣል። ሻጩ የስምንት ዓመት ልጅ ቢሆንም ግብይቱ ግብይት ነው። አሳምሮ የሣለ የተሻለ ያገኛል፤ ቀድሞ የደረሰም እንዲሁ። አርፍዶ ያንኳኳ ልጅ ግን «ልጄ፣ ተቀብለናል» ይባላል። በዚህ ገበያ ቀኑና ሰዓቱ ከዕቃው እኩል ዋጋ እንዳላቸው የሚማሩት ያኔ ነው።

በኋላ የታተመ ሥዕል መጣና ብዙ ልጆች ራሳቸው ከመሣል ይልቅ ገዝተው ማዞር ያዙ። ለአዋቂዎች ደግሞ የታተመው የበዓል ካርድ ነበር። በበዓል ሰሞን በፖስታ ቤት ዙሪያና በፒያሳ መንገድ ዳር ተደርድሮ ሲሸጥ፣ ወደ ውጭ አገርና ወደ ክፍለ ሀገር የሚላከው በፖስታ ይሄድ ነበር። የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት የተመሠረተው በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሠራው መንገድ ዛሬም አልተዘጋም። ነገር ግን የእንኳን አደረሰህ መልእክት በአብዛኛው በስልክ፣ ከጽሑፍ ጋር ዝግጁ ሥዕል ተያይዞ፣ በአንድ ጊዜ ለመቶ ሰው የሚላክ ሆኗል።

ይህ ለታተመው ካርድ ክፉ ዜና ነው። በእጅ ለተሠራው ግን ነገሩ ሁለት መልክ አለው። መልእክት በነፃ በሚሄድበት ጊዜ ካርድ ለመግዛት ኪሱን የሚከፍት ሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ወይም ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ እጅ የነካው መሆኑ የሚታወቅ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የተመረጠ ዕቃ። ገዢው ቁጥሩ አንሷል፤ ለአንዱ ካርድ የሚከፍለው ግን ጨምሯል። ለነገሩ ካርድ ሲጀመርም የርካሽ ሸቀጥ አልነበረም። በለንደን ሄንሪ ኮል የተባለው ሹም እ.ኤ.አ. በ1843 ሠዓሊው ጆን ሆርስሊ ያዘጋጀለትን ሥዕል አሳትሞ የመጀመሪያውን የገና ካርድ ለገበያ ሲያወጣ የታተመው 1,000 ያህል ነበር። የአንዱ ዋጋ 1 ሽልንግ ሲሆን ይህም በጊዜው ለተራ ሠራተኛ የሚቀመስ አልነበረም።

የመፀው ቀለም

ካርዱን የሚሸጠው በመጀመሪያ ቀለሙ ነው። እዚህ ላይ ከውጭ መጽሐፍና ከኢንተርኔት የሚቀዳው ንድፍ ሠሪውን ያሳስታል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የመፀው ካርድ ማለት የሚረግፍ ቅጠል፣ ቡናማ፣ ደብዛዛ ብርቱካንማ፣ አንዳንዴም ዱባ ነው። እዚያ መፀው የአትክልት ቦታው የሚተኛበት ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን መፀው የሚገባው መስከረም 26 ነው፤ እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። መግቢያው አበባው የሚፈነዳበት ወቅት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ፣ ማለትም የአበባ ዘመን ትለዋለች። ዱባና የረገፈ ቅጠል የለጠፈበትን ካርድ ለእንቁጣጣሽ የሚያቀርብ ሠሪ ገዢው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢለው ሊገርመው አይገባም።

የአገሩን የመፀው ቀለም ለመያዝ አጥር ሥር መመልከት ይበቃል። መጀመሪያ የአደይ አበባ ቢጫ ነው፤ ዳሩ ጥርት ያለ፣ መሐሉ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ። ቀጥሎ የግቢ አበቦች አሉ፤ የዳሊያ ጥቁር ቀይ፣ የኮስሞስ ሐምራዊና ነጭ፣ የጽጌረዳ ልዩ ልዩ ዓይነት። ከዝናቡ የተረፈው ሣር ጥቁር አረንጓዴ ነው። ጥቅምት እየገፋ ሲሄድ ደግሞ የማሳው መልክ ይለወጣል፤ አረንጓዴው ጤፍ ወደ ወርቅማ ይሄዳል። ከእነዚህ ውስጥ አራት ወይም አምስት ቀለም መርጦ በዚያው መጽናት ካርዱን የአንድ እጅ ሥራ ያስመስለዋል። ያገኙትን ቀለም ሁሉ አንድ ካርድ ላይ መደርደር የልደት ጌጥ ነው የሚመስለው።

ሌላው ብዙዎች የሚስቱት ነገር የመደቡ ቀለም ነው። ቢጫ አበባ በነጭ ካርቶን ላይ ይጠፋል፤ ከሁለት ሜትር ርቆ ለቆመ ገዢ ካርዱ ባዶ ይመስለዋል። ያው አበባ በጥቁር አረንጓዴ ወይም በጥቁር ቡናማ መደብ ላይ ሲለጠፍ ይበራል። ይህን ብልሃት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጠንቅቀው የተጠቀሙበት እንግሊዛዊቷ ወይዘሮ ሜሪ ዴላኒ ናቸው። ወይዘሮዋ ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ መጀመሪያ፣ ዕድሜያቸው 72 ዓመት ገደማ ሲሆን ነበር። ወረቀት በመቀስ እየቆረጡ በጥቁር መደብ ላይ በመለጠፍ ወደ 1,000 የሚጠጉ የአበባ ምስሎችን ሠሩ። ያቆሙት ዐይናቸው ሲደክም ነው። ሥራዎቻቸው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። በ72 ዓመት የተጀመረ የእጅ ሥራ ሙዚየም ከገባ፣ «ጊዜው አልፎብኛል» ለሚሉ የቤት እመቤቶች መልስ ይሆናል።

አንዱ ካርቶን ስንት ካርድ ይወጣዋል?

ወደ ሒሳቡ ሲገባ የመጀመሪያው ኪሳራ የሚደርሰው ወረቀቱ ሲቆረጥ ነው። ወፍራም ካርቶን በብዛት የሚሸጥበት አንዱ መጠን 70 በ100 ሳንቲ ሜትር ነው። ብዙ ሠሪ ከመጽሐፍ ያየውን የተለመደ መጠን፣ ማለትም የኤ4ን ግማሽ፣ 14.8 በ21 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ይቆርጣል። በዚህ መጠን ሁሉም ካርድ በአንድ አቅጣጫ ሲቆረጥ ከአንዱ ካርቶን የሚወጣው ቢበዛ 18 ካርድ ነው፤ የተረፈው ቁርጥራጭ ይሆናል። መጠኑን ትንሽ ዝቅ አድርጎ 14 በ20 ሳንቲ ሜትር የሚቆርጥ ሠሪ ግን በአንዱ ጎን 5፣ በሌላው 5፣ በድምሩ 25 ካርድ ያወጣል፤ አንድ ሳንቲ ሜትርም አይባክንም። ካርዱ ሲታጠፍ 10 በ14 ይሆናል። ሲ6 የሚባለው ፖስታ 11.4 በ16.2 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ያለችግር ይገባል። ገዢው የስምንት ሚሊ ሜትርና የአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት አይታየውም። ሠሪው ግን ከአንድ ካርቶን ሰባት ካርድ አትርፏል።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ወረቀት እንደ እንጨት ክር አለው። በክሩ አቅጣጫ ሲታጠፍ ጥርት ብሎ ይታጠፋል፤ ክሩን አቋርጦ ሲታጠፍ መታጠፊያው ይሰነጠቃል፣ በተለይ ጥቁር ቀለም ያለው ካርቶን ነጭ ስንጥቅ ያወጣል። ክሩ በየት በኩል እንደሚሄድ ለማወቅ ካርቶኑን ሳይሰብሩ በሁለቱም አቅጣጫ ቀስ አድርጎ ማጎበጥ ነው፤ በቀላሉ የጎበጠበት የክሩ አቅጣጫ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክሩ በረጅሙ ጎን ስለሚሄድ፣ 25 ካርድ የሚሰጠው አቆራረጥ መታጠፊያውን ክሩን አቋራጭ ያደርገዋል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ከመታጠፉ በፊት ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ አፍንጫ በማስመሪያ ተጭኖ መስመር ማስመር ነው። ሁለተኛው አቆራረጡን ማዞር ነው። ያኔ 21 ካርድ ይወጣል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 100 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭም ይተርፋል። ከዚህ ቁራጭ 5 በ10 የሆኑ 20 የስጦታ መለያ ካርዶች ይቆረጣሉ። ለአበባ ሻጭና ለኬክ ቤት የሚቀርበው መለያ ካርድ ደግሞ የበዓል ቀን አይጠብቅም። ሁለቱን አማራጮች ያነጻጸረ ሠሪ አራቱን ካርድ ትቶ ሃያውን መለያ ቢመርጥ አይፈረድበትም።

አበባው ራሱ ከቀጭን ወረቀት ይሠራል። ለመደቡ ከ200 እስከ 300 ግራም፣ ለአበባው ከ80 እስከ 120 ግራም ያለው ወረቀት ይስማማል። አደይ አበባ ስምንት አካባቢ ቅጠል ስለሚኖራት ለወረቀት ሥራ ትመቻለች። አራት ማዕዘን ቁራጭ ሁለት ጊዜ ለሁለት፣ ከዚያም በአግድሞሽ አንድ ጊዜ ከታጠፈ ስምንት ድርብ ይሆናል፤ ጫፉ አንዴ በሞላላ ሲቆረጥና ሲዘረጋ ስምንቱ ቅጠል አብሮ ይወጣል። ከዚያ እያንዳንዱን ቅጠል በእርሳስ ላይ ጠቅልሎ ቀና ማድረግ፣ አንዱን ትልቅ ከአንዱ ትንሽ ጋር ደርቦ ማጣበቅ፣ መሐሉን በብርቱካንማ ክብ መዝጋት ነው። ኮላው በስንጥር ጫፍ፣ ነጥብ ብቻ መሆን አለበት። የነሐሴ አየር እርጥብ ስለሆነ ኮላ የበዛበት ወረቀት ይጨማደዳል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ካርዱ ከተጣበቀ በኋላ ከአበባው ውጭ ያለውን ክፍል በመጽሐፍ ተጭኖ ማሳደር መጎበጡን ያስቀራል። ክሬፕ ወረቀት መልኩ ቢያምርም የክረምት ጠብታ ሲያርፍበት ቀለሙን ይለቃል፤ ነጭ መደብ ላይ ከሆነ ካርዱ አከተመለት። ርካሹ ባለቀለም ወረቀት ደግሞ ጠላቱ ፀሐይ ነው። መስኮት ዳር የተደረደረ ካርድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይነጣል። ሱቅ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ መነጋገር ስለዋጋ የመነጋገር ያህል ነው።

የሰዓቱ ዋጋ

ከዚህ በታች ያለው ስሌት ለአብነት የቀረበ ነው፤ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ቁጥር ሊያስገባበት ይችላል። የአንድ ካርድ ካርቶን 6 ብር፣ የአበባው ወረቀት 4 ብር፣ ፖስታው 5 ብር፣ ኮላና ልዩ ልዩ 2 ብር፣ በድምሩ 17 ብር ወጣ ይባል። ሠሪዋ ለሱቅ የምታስረክብበት ዋጋ 60 ብር ይሁን። ከአንዱ ካርድ 43 ብር ይቀራታል። አንዱን ካርድ በ40 ደቂቃ ብትጨርስ በ8 ሰዓት 12 ካርድ ትሠራለች፤ የቀን ገቢዋ 516 ብር ይሆናል።

አሁን የሁሉም ዕቃ ዋጋ በአንድ ጊዜ በእጥፍ ጨመረ እንበል። ይህ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። ባለቀለም ወረቀትና ካርቶን በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ሲሆን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲተው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። 17 ብሩ 34 ብር ሲሆን የሠሪዋ የቀን ገቢ ወደ 312 ብር ይወርዳል። የዕቃው ዋጋ እንደነበረ ቆይቶ ከ12ቱ ካርድ 4ቱ ሳይሸጡ ቢቀሩስ? 8 ካርድ በ60 ብር 480 ብር ነው፤ የ12ቱ ካርድ ወጪ 204 ብር ሲቀነስ የሚተርፋት 276 ብር ብቻ ነው። የወረቀት ዋጋ በእጥፍ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ከሦስት አንዱ ካርድ ሳይሸጥ መቅረቱ የበለጠ ይጎዳል ማለት ነው። ሠሪው ሁሉ የሚያማርረው ግን በመጀመሪያው ነው።

በአንጻሩ 40 ደቂቃው ወደ 30 ደቂቃ ቢወርድ በቀን 16 ካርድ ይወጣል፤ ገቢውም 688 ብር ይደርሳል። ደቂቃው የሚቀነሰው በመቻኮል አይደለም፣ ሥራን በመከፋፈል ነው። አንዱን ካርድ ከመቁረጥ እስከ ማጣበቅ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው የሚሄድ ሰው መቀሱን ሃያ ጊዜ ያነሣል፣ ኮላውን ሃያ ጊዜ ይከፍታል። አንድ ቀን ካርቶን ብቻ መቁረጥና ማጠፍ፣ ሌላ ቀን ቅጠል ብቻ መቁረጥ፣ ቅጠሉን በየቀለሙ በሣጥን ማስቀመጥ፣ በመጨረሻ መገጣጠም ብዙ ጊዜ ያተርፋል። ትምህርት ቤት በክረምት ዝግ ስለሆነ ልጆችም ክብ በመቁረጥና በመለየት ያግዛሉ። የልጆቹን ጉልበት በነፃ ቆጥሮ ዋጋ የሚያወጣ ቤተሰብ ግን መስከረም ሲጠባና ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲመለሱ ያንኑ ካርድ በዚያው ዋጋ መሥራት አይችልም። ትእዛዝ ሲመጣ እምቢ የሚባለው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው።

«ሲሸጥ ይከፈላል»

ካርዱ ሳይሸጥ የሚቀርበት ዋናው በር ከሱቅ ጋር የሚደረገው ስምምነት ነው። ባለሱቁ ገንዘቡን በበዓል ዕቃ ላይ ስላዋለ ካርዱን ገዝቶ አይረከብም። «አስቀምጪውና ሲሸጥ ይከፈላል» ይላል። ለሠሪዋ ሌላ አማራጭ ያለ አይመስላትምና ትስማማለች። በዚህ ስምምነት ባለሱቁ ምንም አያወጣም፤ ስለዚህ ካርዱን ጥሩ ቦታ ለማስቀመጥ የሚያስገድደው የለም። ከበዓል በኋላ የተመለሰው ካርድ ጣት የነካው፣ ፀሐይ ያነጣው፣ አበባው የተዳጠ ይሆናል። መልሶ መሸጥ አይቻልም።

ከዚህ ማምለጫው ግማሽ ግማሽ መደራደር ነው። ከ40 ካርድ 20ውን ባለሱቁ በቅናሽ በጥሬ ገንዘብ ይረከባል፣ ቀሪው ሲሸጥ ይከፈላል። ገንዘቡን ያወጣበት ባለሱቅ ካርዱን ከሒሳብ ማሽኑ አጠገብ ያስቀምጠዋል። የቅናሹ ብር በዚያ ይመለሳል።

የበለጠ አስተማማኙ ግን ትእዛዝ ነው። ለደንበኞቻቸውና ለአጋሮቻቸው በአዲስ ዓመት ካርድ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ድርጅቶች አሉ። አንድ ትእዛዝ መቶ ካርድ ሊሆን ይችላል፤ ቀብድ ይከፈልበታል፣ ያልተሸጠ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ የቤት ሠሪዎችን የሚጥላቸው የሥራው ጥራት አይደለም። መሥሪያ ቤት ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ደረሰኝ ደግሞ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይፈልጋል። በግል ለማውጣት የከበዳቸው ሠሪዎች ተደራጅተው በማኅበር ፈቃድ መሥራት ይችላሉ። ይህ የነሐሴ ሥራ አይደለም፤ በነሐሴ ወረፋው ከሠሪው ቀን ይቀድማል። በግንቦት ወይም በሰኔ ያለቀ መሆን አለበት።

ዓመተ ምሕረት የሌለው ካርድ

ወደ ቀኑ ጉዳይ ስንመለስ፣ ካርዱን ቀድሞ የሚገድለው በላዩ ላይ የሚጻፈው ነው። «እንኳን ለ» ብሎ ዓመተ ምሕረቱን በጉልህ የሚያትም ሠሪ የካርዱን ዕድሜ በገዛ እጁ በሁለት ሳምንት ወሰነው። «ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እርግጥ አራቱ ወንጌላውያን በየአራት ዓመቱ ስለሚዞሩ የተረፈው ካርድ ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ትክክል ይሆናል። ቢጫው ወረቀት ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

ብልሆቹ ሠሪዎች ፊቱ ላይ አበባ ብቻ አድርገው ውስጡን ባዶ ይተዉታል። ጽሑፉን በትናንሽ ቁራጭ ወረቀት ለየብቻ አዘጋጅተው ገዢው ሲመርጥ ይለጥፋሉ፤ ለእንቁጣጣሽ አንድ ዓይነት፣ ለመስቀል ሌላ፣ ለልደት ሌላ። ያው የአደይ አበባ ካርድ መስከረም 1 ቀን የአዲስ ዓመት ካርድ፣ መስከረም 17 ቀን የመስቀል ካርድ፣ በጥቅምት ደግሞ ለታመመ የሚወሰድ ወይም ለምስጋና የሚሰጥ ካርድ ይሆናል። ይህ ለውጥ የሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪ የለም ማለት ይቻላል። ከላይ በተሠራው ስሌት ውስጥ 240 ብር የቀነሰው ግን ይህንኑ አለማድረግ ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ንጹሕ ቢጫ ብቻውን ፈላጊው ይቀንሳል። ያኔ የጥቁር ቀይ ዳሊያው፣ የወርቅማው የጤፍ ዛላና የቡናማው መደብ ተራ ነው። ካኪ ፖስታው ከእነዚህ ቀለሞች ጋር ስለሚስማማ ውድ ባለቀለም ፖስታ መግዛት አያስፈልግም። በነሐሴ የተቆረጠው የካርቶን መደብ ሳይለወጥ አበባውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ መደቡን ከመጀመሪያው በጥቁር አረንጓዴና በቡናማ የመምረጡ ሌላው ጥቅም ይኸው ነው።

በውጭ የሚኖረው ገዢ የራሱ ጣጣ አለው። በዋሺንግተን ዲሲ ዙሪያ በብዛት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንቁጣጣሽ የሚውለው ዛፉ ቅጠሉን ሊለውጥ በሚቃረብበት ሰሞን ነው። ስለዚህ አደይ አበባን ከቀላው ቅጠል ጋር ያጣመረ ካርድ እዚያ ትርጉም አለው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያስቀው ንድፍ እዚያ ይሸጣል። ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር የሚጽፍ ሠሪ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ቢሆንም፣ ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ የሚመጣው አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 እንዲህ ነበር፣ የ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። ሌላው ውፍረቱ ነው። የአሜሪካ ፖስታ ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6.35 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረን ደብዳቤ በተራ ደብዳቤ ዋጋ አይቀበልም፤ ወጣ ገባ ያለውንም ተጨማሪ ያስከፍላል። ቅጠሉ ሁለት ድርብ ብቻ የሆነ፣ መሐሉ ያልተቆለለ አበባ ያልፋል። ቆሞ የሚታየው ዳሊያ ግን በእጅ የሚሰጥ እንጂ በፖስታ የሚላክ አይደለም። ለክረምት ዕረፍት መጥቶ በጳጉሜን የሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ሃምሳ ጠፍጣፋ ካርድ ብዙ ቦታ አይዝም።

የሥራው ዓመት እንግዲህ ከሰኔ ይጀምራል። ካርቶኑ በሰኔ ተገዝቶ ክሩ ይታያል፤ ሐምሌ የመቁረጥና የማጠፍ ወር ነው። የነሐሴ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ናሙና ይዞ መሥሪያ ቤት የሚዞርበትና ቀብድ የሚያዝበት፣ ቀሪው የመገጣጠሚያ ነው። በጳጉሜን አዲስ ካርድ መጀመር አይመከርም፤ ያ ሳምንት የማስረከቢያ ነው። ከመስቀል በኋላ የተረፉት መደቦች አበባ ይለወጥላቸዋል። ከዚያም ታኅሣሥ ሲገባ ለጥር ሠርግ የሚዘጋጁ ቤተሰቦች መምጣት ይጀምራሉ፤ የሚጠይቁት ደግሞ ትልቁን ካርድ ብቻ አይደለም። በየወንበሩ የእንግዳ ስም የሚጻፍበት፣ ጥጉ ላይ ትንሽ አበባ ያለበት 5 በ10 የሆነ መለያ ይፈልጋሉ። በሐምሌ ከ21ዱ ካርድ ጎን የተረፈው ቁራጭ ያልተጣለበት ቤት ይህን ትእዛዝ አዲስ ካርቶን ሳይገዛ ይወስዳል።